ወደ ግራ ያዘነበለው ዛላ

አርብ ገበያ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ተናኘ
መካነ ኢየሱስ

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ በሰላምታ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኋቸው፤ የበደሉትን ሰው «እንደምን ከረሙ» ብሎ መግባት አሳፈረኝ። ስለዚህ ዛሬ ነገሩ ይቅደም። ሰላምታዬ ከታች አለ፤ ከወደዱ ይደርሱበታል፣ ካልወደዱ ሳይደርሱበት ያጥፉት። ጽሕፈቴን ካላወቁት ደግሞ፣ የእህትዎ የነፍስ ኄር አማረች ባል፣ ታፔላ ጸሐፊው ይታየው ነኝ።

በ1995 ዓ.ም. በአቶ መልካሙ ወፍጮ ቤት ግቢ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ «የወፍጮ ቤቱን ጆንያ ሰረቀች» የተባሉት በእኔ ምክንያት ነው። ጆንያው የእርስዎ ነበር። በጆንያው አፍ ላይ በቀይ ክር የተሰፋው ምልክትም የእርስዎ ነበር። የሰረቅሁት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ያን ጊዜ ከቤተ ልሔም የአብነት ትምህርቴን አቋርጬ አማረችን አግብቼ ነበር፤ ልጃችን ህሊናም ገና ጡት ትጠባ ነበር። ቁም ጽሕፈት ከመማሬ በቀር በእጄ ሙያ ስላልነበረኝ ታፔላ መጻፍ ጀምሬአለሁ። አቶ መልካሙ አስጠሩኝና «ፊደል የማያውቅ ሰው ከሩቅ አይቶ የእኔ ወፍጮ መሆኑን የሚለይበት ምልክት ሥራልኝ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሞከርሁ። የሣልሁት ሁሉ የሆነ ቦታ ያየሁትን ይመስላል።

አንድ ቀን እዚያው ግቢ ተራ የያዙት ጆንያዎች ተደርድረው አየሁ። እንደሚያውቁት ብዙዎቹ ሴቶች ፊደል ስላልቆጠሩ ጆንያቸውን በምልክት ነበር የሚለዩት፤ አንዷ በከሰል መስቀለኛ ታደርጋለች፣ ሌላዋ እራፊ ጨርቅ ትቋጥራለች። የእርስዎ ግን ክብ ነበር፤ በክቡ ውስጥ ሦስት የገብስ ዛላ፣ ሦስቱም ንፋስ እንዳገኛቸው ወደ ግራ ዘንበል ያሉ። ሌላው ጆንያ ዝም ብሎ ቆሟል፣ የእርስዎ ይጠራል። ያንኑ ወስጄ ቆርቆሮ ላይ ሣልሁት። አቶ መልካሙ እንዲህ ያለ ምልክት አላየሁም አሉ። በታፔላው ብቻ አልቀረም፤ ማኅተም አስቀርጸው ለደንበኛ በሚያውሱት ጆንያ ሁሉ ላይ አስመቱት።

ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ሚዛን ያዡ የእርስዎን ጆንያ አይቶ «ይህ የእኛ ነው፣ ማኅተሙን በክር ደርባ ሰፍታ ደብቃዋለች» ብሎ ያዘው። ሽማግሌዎቹ ጆንያው ለወፍጮ ቤቱ ይመለስ ብለው ፈረዱ። ዱቄትዎን በነጠላዎ ቋጥረው ሲወጡ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ የግቢውን በር ቀለም እቀባ ነበር። ብሩሼን አላቆምሁም፤ አፌንም አልከፈትሁም። በዓመቱ እናንተ ወደ እስቴ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ወረዳችሁ፤ እኔ «ባለ ምልክቱ» ተባልሁ።

ዛሬ ለምን ጻፍህ ቢሉኝ፣ ህሊና ናት ያጻፈችኝ፤ እሷ ግን ነገሩን አታውቅም። ባሕር ዳር ተምራ ተመልሳለች። ከአራት ሴቶች ጋር ሆና የጋይንትን ገብስ በሶ እያደረገች በላስቲክ ልታሽግ ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሱቆች ውስጥ መግባት አለበት ትላለች፤ በሶ የሚሸጠው ያን ጊዜ ነዋ። «አባዬ፣ ሎጎ ያስፈልገናል» አለችኝ። ሎጎ የምትለው ያንኑ ምልክት ነው። እኔ ሌላ ልሥራልሽ ስላት «ለምን? የመልካሙ ወፍጮ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ፤ የአንተን ምልክት ስጠኝ። ከላስቲኩ ጀርባም ‹ምልክቱ የአባቴ የይታየው ሥራ ነው› ብዬ አሳትማለሁ» አለችኝ።

ለንስሐ አባቴ ለመምሬ አብርሃም ነገርኋቸው። ሰሙኝና «ለእግዚአብሔር የነገርኸው ደርሷል። ለሴትዮዋ የነገርኸው የታለ?» አሉኝ።

እንግዲህ ነገርሁዎ። አንድ የቀረ አለ፤ ለእሱ ገና አልበረታሁም። ምልክቱን ለህሊና ይፈቅዱላታል ወይ? ባይፈቅዱም አልቀየምም፤ የመቀየም ወግ የለኝም።

አሁን ሰላምታዬ ይኸው፦ እርስዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብቱም ቤቱም ደህና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይታየው

—

መካነ ኢየሱስ
ኅዳር 1 ቀን 2017

ለይታየው

ሰላም ነህ?

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ መርዶ ነው። የመጀመሪያውን መስመር እንዳየሁ «ህሊና ሞተች» ብዬ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ታጠቅሁ። እየዘለልሁ ወደ ታች ወርጄ «ከብቱም ቤቱም ደህና ነው ወይ» የሚለውን ሳገኝ ነው ነፍሴ የተመለሰች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቼ አነበብሁት። ሁለተኛ እንዲህ አድርገህ እንዳትጽፍልኝ። ሌባ ሁን፣ ሰላምታ ግን አስቀድም።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ይታየው! ልጅ ቢሆን ተድሮ የልጅ ልጅ ባሳየን።

ጽሕፈቴ ጎላ ጎላ ማለቱን አይተህ እንዳትስቅ። ከልጆቼ ጋር ነው ፊደል የቆጠርሁት። አሁን ጆንያዬ ላይ ስሜን ከነአባቴ እጽፋለሁ፤ ከፈለግህ እሱንም ስረቅ።

ለጠየቅኸኝ መልሴ ይህ ነው። እኔን ሌባ ያሉኝ በደብዳቤ አይደለም። እጥፍ አድርገው በሰው እጅ አልላኩልኝም። በግቢው መሐል፣ በአርብ ቀን፣ ጆሮ ያለው ሁሉ እየሰማ ነው። አንተም በዚያው ግቢ፣ ያን ያህል ሰው ባለበት የነገርኸኝን ተናገር። ያን ጊዜ ምልክቱን ለልጄ ለህሊና ከነምርቃቴ እሰጣታለሁ። እስከዚያ አንዲት ላስቲክ ላይ እንዳላየው።

አንድ ነገር መልስልኝ። ሌላውን ሁሉ ብትተወው እንኳ ይህን መልስልኝ። አማረች ታውቅ ነበር?

ተናኘ

—

አርብ ገበያ
ኅዳር 24 ቀን 2017

ይድረስ ለእትዬ ተናኘ

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ይመስገን እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሰላምታውን ከላይ እንዳደረግሁት ይዩልኝ፤ ከእንግዲህ አላስደነግጥዎትም።

ከመጀመሪያው አከታትለው የላኩት ሁለተኛውም ወረቀትዎ ደርሶኛል። በየተራው ልመልስ። አዎ፣ ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ዘንድሮ ፍሬው የተባረከ ነው። አዎ፣ የቤቱ ክዳን ተለውጧል፤ አማረች ትቀመጥበት የነበረው ጥግ አያፈስም። አይ፣ ላገባ አላሰብሁም። ማን እንደነገረዎት አውቄአለሁ። ሴትዮዋ የመጣችው ለልብስ ስፌት ቤቷ ታፔላ ልታሠራ ነው፤ ታፔላዋን ይዛ ሄዳለች፣ ሌላ የያዘችው ነገር የለም። ከሽማግሌዎቹ ሦስቱ ዐርፈዋል፣ አንዱ አልጋ ላይ ናቸው፣ አንዱ በእግራቸው ይሄዳሉ። አቶ መልካሙ ከዘራ ይዘዋል እንጂ ደህና ናቸው፤ ግቢያቸውን አርብ አርብ ለእህል ሻጮች ክፍት አድርገውታል። ለህሊና እስካሁን አልነገርኋትም።

የአደባባዩን ነገር ሳወጣ ሳወርድ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ምልክትዎን ሳልነካ ለልጅቷ አዲስ ብሠራላትስ? የእርስዎ ለእርስዎ ይቀራል፤ የእሷም ለእሷ። ሦስት አዘጋጅቼአለሁ፣ ልኬልዎታለሁ፤ እስቲ ይዩልኝ።

የመጀመሪያው መስቀል ነው፤ በክንፎቹ ላይ ገብስ በቅሎበት። በቤተ ልሔም እንደተማርሁት መስመሩን በወስፌ አስምሬ፣ ብዕር ቀርጬ ነው የሠራሁት። ሥራዬን ወድጄው ለመምሬ አብርሃም ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አዩትና «መልካም ነው፣ ልጄ። ሰው በሶውን ከበላ በኋላ ላስቲኩን የት ይጥለዋል?» አሉኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ለመንገድ የወደቀውን፣ አህያ የረገጠውን ላስቲክ ሁሉ ሳይ መጣሁ። መስቀሉ በዚያው ቀረ። እንዲህ ያለውን ነገር ቄስ ሳይጠይቅ ማወቅ የነበረበት ሰው እኔ ነበርሁ።

ሁለተኛው ሙቀጫ ነው። ወረቀቱን በገበያው ማዶ አጥር ላይ ሰቅዬ፣ ሠላሳ እርምጃ ርቄ፣ የሚያልፈውን ሁሉ «ይህ የምን ይመስላችኋል?» እላለሁ፤ የድሮ ልማዴ ነው፤ ምልክት የሚፈተነው በፀሐይና በአቧራ ውስጥ፣ በማያነብ ሰው ዓይን ነው። ባቄላ ሻጯ ንግስት «የባህል መድኃኒት!» አለች። ጎረቤቷ ደግሞ «አይ፣ የጥርስ ነው» አለቻት። ተጨቃጨቁ፤ በሶ ያለ ግን የለም።

ሦስተኛው ህሊና ስልኳን አዝዛ ያሠራችው ነው። ክብ፣ በውስጡ አረንጓዴ ቅጠል። ያማረ ነው፤ መስመሩ እንደ እኔ አይንቀጠቀጥም። ንግስት ከሩቅ አይታ «ፋርማሲ» አለች፣ ጎረቤቷ «ሳሙና»፣ አንድ ሹፌር «ይህን አውቀዋለሁ፣ የውኃ ነው» አለ። ህሊና ራሷ ስቃ ስቃ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የማንም ነው» አለችኝ።

ስለ አማረች የጠየቁኝን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ዛሬ ወረቀቱ አልቋል።

ይታየው

—

መካነ ኢየሱስ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017

ለይታየው

ሰላም ነህ? ከአሁኑ እንኳን ለገና አደረሰህ።

መስቀሉን ጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አስገባሁት፤ የእጅህ ሥራ ያምራል። ዛላዎቹ ግን የዶሮ እግር ይመስላሉ። ሙቀጫህ የሰከረ ሰው ባርኔጣ ነው። ቅጠሉን ለጎረቤቴ ሰጠኋት፤ ወደደችው፤ ምን እንደሆነ እሷም አላወቀች።

ለምን እንደማይመጣልህ ልንገርህ። እኔ ግራኝ ነኝ። እናታችን ነፍሷን ይማርና በግራ እጄ ሰው ፊት ምግብ ባነሣሁ ቁጥር በአለንጋ ትሸነቁጠኝ ነበር። ጆንያ ስሰፋ ግን ማን ያየኛል? በግራዬ ሰፋሁ፤ ክሩም እጄን ተከትሎ ወደ ግራ ሄደ። በቀኙ የሚሰፋ ሰው ዛላው ወደ ቀኝ ነው የሚወድቅበት። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን መርፌና ክር ሰጥተው «እስቲ ስፊና እንይ» ቢሉኝ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ወንዶች ናቸውና መርፌ ትዝ አላላቸውም። እኔም ከእንባዬ ጋር ስታገል ትዝ አላለኝ።

አንተ ግን በእጅህ ሥለኸዋል። እጅህ እንቢ አላለህም?

ስማ፣ አሁን እየሠራህ ያለኸው ለልጅቷ ምልክት አይደለም። መሸሸጊያ ነው። አሥር ብትሠራም አሥሩ ፋርማሲ ነው የሚመስሉህ፤ ልብህ እዚያ የለማ።

አማረችን ለምን እንደምጠይቅህ አንተ ጠፍቶህ አይደለም። ያን ቀን «ምልክቱ የእኔ ነው» ስል ሽማግሌዎቹ እህቴን ጠሯት። እህቴ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት፣ ልጇን ታቅፋ መጥታ «ምልክቱ ባሌ ከመጽሐፍ ያገኘው ነው» አለች። የፈረደብኝ ሽማግሌው አይደለም፣ እሱ ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቷ አልገባሁም። በቀብሯ ቀን መጥቼ አፈር አልብሼ፣ ውኃ ሳልጠጣ ተመለስሁ። እያወቀች ነው ወይስ ሳታውቅ? ሁለት ጊዜ ጠየቅሁህ። ሦስተኛ አልጠይቅህም።

ተናኘ

—

አርብ ገበያ
ጥር 13 ቀን 2017

ይድረስ ለእትዬ ተናኘ

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ።

አማረች አታውቅም ነበር።

ይህን ብቻ ጽፌ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያን የቀረ ያልሁዎትን ነገር አሁን መጻፍ አለብኝ። ታፔላውን ሠርቼ ቤት ውስጥ ቀለሙ እስኪደርቅ ግድግዳው ላይ አስደግፌው ሳለ አማረች አየችው። «ይሄ የተናኘን ጆንያ ይመስላል» አለች። በክፋት አይደለም፤ ስቃ ነው ያለችው። ያን ጊዜ «አዎ፣ ከዚያ ነው» ብል ኖሮ እርስዎን ጠይቀን፣ እርስዎም ስቀው ፈቅደው ያበቃ ነበር። እኔ ግን «አይ፣ ቤተ ልሔም ሳለሁ በብራና መጽሐፍ ላይ ያየሁት ሐረግ ነው» አልኋት። ሐረግ የምንለው በምዕራፍ መጀመሪያ ላይ በቀለም የሚሣለውን ጌጥ ነው። እንዲያ ያለ ሐረግ አላየሁም። በየትኛውም ብራና ላይ የለም።

መጽሐፍ ስላልሁ አመነችኝ። ባሏ በተቀደሰ መጽሐፍ ይዋሻል ብላ በምን ታስብ? ሽማግሌዎቹ ሲጠሯት እውነት መስሏት የነገርኋትን ተናገረች። ማታ መጥታ አለቀሰች። «እህቴ ስለ ምን እንዲህ አደረገች?» እያለች ስታለቅስ እኔ አጽናናኋት። እትዬ ተናኘ፣ ከሰረቅሁት ይልቅ ያ ማጽናናቴ ነው ዛሬ የሚያቃጥለኝ። እስክትሞት ድረስ በየበዓሉ ስምዎን ታነሣ ነበር። እርስዎን የበደለች እሷ አይደለችም፤ ሁለታችሁንም የለያየሁ እኔ ነኝ።

ለጥያቄዎ፦ አዎ፣ እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር። ዛላው ወደ ግራ አልሄድልህ ቢለኝ ቆርቆሮውን በጎኑ አጋድሜ ነው የሣልሁት። የገዛ እጄ «ያንተ አይደለም» እያለኝ እንዴት እንዳልሰማሁት እንጃ።

እስከዚህ የጻፍሁትን ሳልልክልዎ አስቀድሜ ለህሊና አነበብሁላት። ገብስ እያጠበች ነበር። ማጠቧን አላቆመችም። ሁለት ቀን ከአዎና ከአይ በቀር አልተናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ምሳ አቅርባልኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አክስቴ ያልፈቀደችውን ምልክት አልለጥፍም።»

«ታዲያ በሶውስ?»

«ያለ ምልክት ይቆይ። ባለሱቆቹ ምልክት የሌለው አንቀበልም ብለዋል። ይቆያላ!»

«ጾሙ ይገባል እኮ፣ ልጄ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሳትቸኩል ቆይተህ አሁን ጾሙ ገባ ትለኛለህ?»

አክስትዋን መምሰሏን ያን ቀን ነው ያየሁት። ቀጥላ «አንተ የምታፍረው ከሚያውቁህ ነው ወይስ ከማያውቁህ?» አለችኝ። ይህን ለብዙ ቀን አሰላሰልሁት። የማፍረው ከሚያውቁኝ ነው፤ የሚያውቁኝ ግን እኔን አያውቁም። የሰንበቴው ሙሴ፣ የማኅበሩ መሪ አድርገው የመረጡኝ «አፉ የታረመ፣ ነገር የማያበዛ» ብለው ነው። ነገር የማላበዛው አንድ ነገር እንዳያመልጠኝ ብዬ እንደሆነ ማን ይንገራቸው?

ቢሆንም አንድ ነገር ልንገርዎ፣ አይቀየሙኝ። ለህሊና ካነበብሁላት ወዲህ ጠዋት ዳዊት ስደግም ቃሉ አፌ ውስጥ አይደናቀፍም። ትናንት ለአንድ ፀጉር ቤት ታፔላ ስጽፍ ሳላስበው ሳንጎራጉር ተገኘሁ። ደስታ ቢባል ያሳፍራል፤ ግን እሱን ይመስላል።

ቀኑን እርስዎ ይቁረጡልኝ። ለራሴ ከተውሁት አረዝመዋለሁ።

ይታየው

—

መካነ ኢየሱስ
ጥር 28 ቀን 2017

ለይታየው

ሰላም ነህ?

ደብዳቤህን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ውጭ ከዛፉ ሥር ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ገብቼ ለአማረች ጧፍ አበራሁላት። በቀብሯ ቀን ያላለቀስሁትን ዛሬ አለቀስሁላት፤ ሰው ሁሉ አዲስ ሐዘን የደረሰብኝ መስሎት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይለኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ። ምን ብዬ ላስረዳ?

እህቴን መለስህልኝ። ለእሱ እግዚአብሔር ይስጥህ። ለሌላው ገና ነኝ።

የሚመጣው አርብ አይሁን፣ ልብህ ይሰብሰብ። የካቲት 7 ይሁን። ረፋድ ላይ፣ ሰው ሲሞላ። እኔ አልመጣም። መጥቼ ፊትህ ብቆም ለእኔ ስትል የተናገርህ ይመስላል፤ ያለ እኔም እውነት መሆኑን ይወቁት። ደግሞ አታስረዝመው፤ ስብከት አልፈልግም። ማርያምን፣ ጥቅስ ከጠቀስህ ምልክቱን እከለክላለሁ።

ለህሊና ንገራት፤ ክቡን እንደ ድሮው በቀይ ታድርገው። ዛላዎቹን ሰፍቼ በአንድ ቁራጭ ጆንያ ላይ አዘጋጅቼላታለሁ፤ ከስፌቱ አይታ ታሠራው እንጂ ካንተ ታፔላ አትቅዳ። የምልከው ግን ሲነገር ከሰማሁ በኋላ ነው።

ተናኘ

—

አርብ ገበያ
የካቲት 7 ቀን 2017

ይድረስ ለእትዬ ተናኘ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዛሬ አርብ ነው። ከገበያ ተመልሼ፣ ህሊና ያቀረበችልኝን በልቼ፣ እጄን ታጥቤ ነው የምጽፍልዎ። ደህና ነኝ። ህሊናም ደህና ናት፤ ግቢው በር ላይ ቆማ ነበር፣ አብራኝ ነው የተመለሰችው። መንገድ ላይ ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንደዚያ ይዛኝ አታውቅም።

የሚያውቁት ልማዴ ነው፤ መጀመሪያ የሆነውን በመጨረሻ እጽፈዋለሁ። ከንግግሩ በኋላ የሆነውን ላስቀድም።

ንግስት ከባቄላ ጆንያዋ ኋላ ተነሥታ «እኔ ያኔም ብያለሁ! ተናኘ እንዲህ አታደርግም ብያለሁ!» አለች። ጎረቤቷ ተቀብላ «ምን ብለሻል አንቺ! አፍሽን ሸፍነሽ ስትስቂ አላየሁሽም?» አለቻት። «እኔ የሳቅሁት በሌላ ነው!» «በምን?» እንዲህ ተያይዘው ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ልብ አልኋቸው፤ ግማሹ የሳቀው እያፈረ ነው። አንዲት የማላውቃት አሮጊት ግን አልሳቁም፤ ጠጋ ብለው «ሴትዮዋ በሕይወት አለች?» አሉኝ። አለች ስላቸው «ተመስገን፤ ሰማች ማለት ነው» ብለው ሄዱ።

በእግራቸው የሚሄዱት ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «በሽንጎ የተቀመጥነው ሁላችንም ወንዶች ነበርን» አሉኝ። የመርፌውን ነገር ነግሬአቸው ነበር።

አቶ መልካሙ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሰሙኝ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ታዲያ እኔስ ምን ልሁን?» አሉ። ለማን እንዳሉት እንጃ፤ እኔን አላዩኝም። ከዚያ ነገ ወደ እስቴ የሚወርድ መኪና አለ ወይ ብለው ሹፌሮቹን ጠየቁ። ይህን ደብዳቤ የያዙልዎት እሳቸው ቢሆኑ አይደንግጡ፤ ካልሆኑም እኔ ምንም አላልሁም።

እሁድ የሰንበቴው ሰዎች ይሰበሰባሉ። ሙሴነቱን ለሌላ እንስጥ ቢሉ አይከፋኝም፤ ተው ይቆይ ቢሉም እንደ ድሮው አልቀመጥበትም። አልጋ ላይ ላሉት ሽማግሌ ነገ ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። የአማረችም መቃብር መንገዴ ላይ ነው።

አሁን የቀረኝ የተናገርሁትን መጻፍ ነው። ቃል በቃል ነው የምጽፍልዎ፤ ህሊና አጠገቤ ተቀምጣ «እንደዚያ ነው ያልኸው» እያለች ታርመኛለች። ጥቅስ አልጠቀስሁም።

ረፋድ ላይ እህል ሻጮቹ ጆንያቸውን ከፍተው ግቢው ሲሞላ መሐል ገብቼ ነጠላዬን አደገደግሁ። መጀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመርሁ። ንግስት «ጮክ በል እንጂ፣ ለራስህ ነው እንዴ የምታወራው!» አለችኝ። ባትለኝ ኖሮ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ ጨርሼ እወጣ ነበር። እንደገና ጀመርሁ፦

«እኔ ይታየው ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በዚህ ግቢ ተናኘን ሌባ ብላችኋታል። ጆንያው የራሷ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ላይ የነበረውን ምልክትም የፈጠረችው እሷ ናት፤ ከጆንያዋ ላይ የሰረቅሁት እኔ ነኝ። ሚስቴ አማረች ከመጽሐፍ ነው ብላ የመሰከረችው እኔ ዋሽቻት ነው። ስትፈርዱባት እዚያ በር ላይ መሰላል ላይ ቆሜ እያየሁ ዝም አልሁ። ሌባው እኔ ነኝ» ብዬ በሁሉም ፊት ተናገርሁ።